ገመና

መቶ ስልሳ ደረጃ ከኮረብታው ወርዳ፣
ሴኞራ ኦዲላ መጣች በማለዳ።
በትራስ ልብስ ጠቅልላ፣ አቅፋ እንደ ሕፃን ልጅ፣
ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው እንጂ
እጇን አላነሣች።

«እምቢ አለኝ» አለች፣ «ሦስት ቀን ሆነው ዛሬ፤
ብልጭ ይልና ድርግም፣ ድምፅ የለ ወሬ።
የጎረቤት ልጅ አይቶ ‹ሞቷል፣ ጣይው› አለኝ፤
መጣሉስ ቀላል ነበር፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ያዘኝ።»
«ምን አለ ሆዱ ውስጥ?» ብዬ ሳልጨርሰው፣
«አውጣልኝ፣ አታንብብ» አለች፤ «ለማንም ሰው
የማይነገር አለ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ነው በዚህች ጠባብ ሱቅ
የሰው ጓዳ ስከፍት፣ የሰው ገመና ሳውቅ፦
የዳቦ ጋጋሪው ዕዳ፣ የቄሱ የሎተሪ ቁጥር፣
ለሚስት ያልተላከ የይቅርታ ጅምር፤
አንድ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ፣ ድምፁ እንደ ብረት የሻከረ፣
ለውሻው ግጥም ጽፎ ‹ግብር› በሚል ስም የቀበረ።
ሁሉን ሆድ ይፍጀው። ብየዳ ማንም ይለምዳል፤
ያዩትን አለማየት ግን ዕድሜ ይፈልጋል።

ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ዐሥራ አንድ፤ አንዱ ጠፍቷል።
ክዳኑን ሳነሣው የባሕሩ ጨው ገብቷል፣
በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ነጭ ሻጋታ ሠርቷል።
ቫልፓራይሶ እንዲህ ናት፤ መስኮት ከፍቶ ለሚያድር
ነፋሷ ብረት ይልሳል፣ ማጠፊያና ቁልፍ ሳይቀር።
«ሰሌዳው ነው የሞተ» አልኳት፣ «ዲስኩ ግን ሌላ ነው፤
ቤት በነውጥ ቢፈርስም ምድር ቤት ያለ ወይን ነው።»
አላመነችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ፣ እንደ አስታማሚ ጠበቀች።

ዲስኩን ነቅዬ አወጣሁት፤ ከብስኩት አይበልጥም።
የሰው ዕድሜ ሲመዘን ይህን ያህል አይከብድም።
ከእኔ ማሽን ጋር በገመድ አገናኘሁት።
ዝም።
ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት።
ዝም።
የጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት እየመታ አለፈ።
በሦስተኛው «ጢጥ» አለ።
ተረፈ።

ስሞቹ በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ወረዱ፦
‹መድኃኒት›፣ ‹የውኃ ክፍያ›፣ ‹የአዙሴና ልደት›፣ ‹ቁልፉ የት እንዳለ›፣
አንዱ ግን ስም የለው፤ ነጥብ ብቻ፣ አንዲት ነጥብ።
ስክሪኑን ወደ እርሷ አዞርኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው።
«አንዱን ክፈቺና ደኅና መሆኑን እይው።»
ከባድ ነው ግድግዳ ማየት፣ ሰው አጠገብህ ሲያነብ።
የዓሣ ገበያውን የቀን መቁጠሪያ ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩ፤
የማርችን ሠላሳ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ደገምኩ።
መጀመሪያ ሳቅ ሰማሁ፣ አጭር፣ የልጅ ሳቅ የመሰለ፤
ከዚያ አፍንጫ መናፈጥ፤ ከዚያ ምንም፣ ድምፅም የለ።
ከዚያ፦ «ኤሉቴርዮ፣ ማጥፊያው የቱ ነው?»

«ማጥፊያው?»

«ለዚህ ነው የመጣሁ። ሌላው ይቆይ፣ ፎቶውም፣ ክፍያውም፤
ይህች አንዷ ግን በጨውና በነፋስ አትሞትም።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩ፤ ለማን እንደሆን አልነግርህም።
ማሽኑ ይዟት ቢሄድ ‹ጠፋችብኝ› ነው የምል፤
እኔ ልተዋት ፈልጌ። መጥፋትና መተው፣ ልጄ፣ አንድ አይደል።»

ሠላሳ ዓመት የአሳንሰሩን ፍሬን ስትይዝ የኖረች ጣት፣
ቁልፉ ላይ ስታርፍ ቅንጣት መንቀጥቀጥ የለባት።
«‹እርግጠኛ ነሽ ወይ?› ይላል» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ፣
«ይኼን የጠየቀኝ የለም፣ ከማሽን በቀር ሌላ።»

ፍላሹን ኪሷ ከትታ፣ አሮጌውን ዲስክ ትታ፣
ደረጃውን ወጣች፣ በየሃያው ላይ ቆም ብላ፣ ተንፍሳ፣ ቆይታ።

ያልነገርኳት አለ፦ የተሰረዘ ወዲያው አይጠፋም፤
ስሙ ብቻ ነው የሚነሣ፣ አካሉ ከቦታው አይለቅም፣
ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ።
በዚያ ሌሊት ሱቄን ዘግቼ፣ የደጁን መብራት አጥፍቼ፣
ዲስኩን በዜሮ ሞላሁት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ነቅቼ።
ሦስት ሰዓት ፈጀ።
ነጥቧ በየት በኩል እንዳለፈች አላየሁም።

አላየሁም ብል ማን ያምነኛል?
አላየሁም።